ማርክ ኦኮነር፦ ከሀገረሰብ ቫዮሊን ውድድር እስከ ሲምፎኒ መድረክ

አሜሪካዊው ማርክ ኦኮነር በሀገሩ ገጠሮችና አነስተኛ ከተሞች ለዘመናት ሲሠራበት የቆየውን የሀገረሰብ ቫዮሊን አጨዋወት በጆሮው እየሰማ የተማረ፣ በዚሁ ሙያ ብሔራዊ ውድድሮችን በተደጋጋሚ ያሸነፈ፣ በኋላም ፊቱን ወደ ክላሲካል ሙዚቃ ድርሰት በማዞር ኮንሰርቶዎችንና ሲምፎኒ የጻፈ ሙዚቀኛ ነው። ሦስት ጊዜ የግራሚ ሽልማት ከማግኘቱም በላይ የቫዮሊን ማስተማሪያ መጻሕፍትን አዘጋጅቷል።

የሙዚቀኛው የሕይወት ታሪክ ከሽልማቶቹ ባሻገር አንድ ቁም ነገር ያስጨብጣል። የሕዝብ ዜማ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ የሚገባው በአብዛኛው በኖታ የሠለጠኑ ደራሲያን ከባለሙያዎቹ ተቀብለው በራሳቸው ስም ሲያቀናብሩት ነው። ኦኮነር ግን ዜማውን ከምንጩ የተማረውም፣ ወደ ኦርኬስትራ ያሻገረውም፣ በድርሰቱ ላይ በደራሲነት የፈረመውም ራሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ስም

በአሜሪካ «ፊድል» እና «ቫዮሊን» የሚሉት ስሞች የሚያመለክቱት አራት አውታር ያለውን፣ በደጋን የሚመታውን ያንኑ አንድ መሣሪያ ነው። ልዩነቱ የሚታየው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በአጨዋወቱ፣ በሚደመጥበት ቦታና ሙያው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ነው።

የክላሲካል ቫዮሊን ተጫዋች በትምህርት ቤት ውስጥ ከኖታ እያነበበ ይሠለጥናል፤ ደራሲው የጻፈውንም በታማኝነት ማቅረብ ይጠበቅበታል። የፊድል ተጫዋች በአንጻሩ ሙያውን ከአባቱ፣ ከአጎቱ ወይም ከጎረቤቱ አጠገብ ተቀምጦ በማየትና በመስማት ይቀስማል። በሀገራችን የማሲንቆ ተጫዋቾች ሙያቸውን ከቀደምት አዝማሪዎች ሥር ሆነው ሲወርሱ ከኖሩበት መንገድ ጋር የሚመሳሰል ነው።

ፊድል በመሠረቱ የጭፈራ መሣሪያ ነው። ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ የሄዱ ሰፋሪዎች ይዘዋቸው የተሻገሩት ዜማዎች በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ አፍሪካውያን ተጫዋቾች ካመጡት ምትና የአጨዋወት ስልት ጋር ተዋህደው የአሜሪካን የፊድል ሙዚቃ ፈጥረዋል። ሙዚቃው ከአካባቢ ወደ አካባቢ የተለያየ መልክ ያለው ሲሆን፣ በቴክሳስ ግዛት የዳበረው ስልት ግን በአንድ ጠባዩ ተለይቶ ይታወቃል። የቴክሳስ ተጫዋች አጭሩን ዜማ ሲደጋግም በየዙሩ አዲስ ልዋጭ ይፈጥራል። ዜማው ሳይጠፋ፣ ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያውን ሳይመስል ይቀጥላል። በመሆኑም ተጫዋቹ አንድም ኖታ ባይጽፍ እንኳ በተጫወተ ቁጥር እየደረሰ ነው ማለት ይቻላል።

የዜማው ምንጭና ደራሲው

የሕዝብ ዜማን ለክላሲካል ሙዚቃ መሠረት የማድረግ ሐሳብ በአሜሪካ ረጅም ዕድሜ አለው። ከ1892 እስከ 1895 በኒውዮርክ የብሔራዊ ሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ ዳይሬክተር ሆኖ ያገለገለው የቦሔሚያ ተወላጅ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ፣ የሀገሪቱ ሙዚቃ አውሮፓን ከመኮረጅ ይልቅ በተለይ ከጥቁር አሜሪካውያን ዜማዎች እንዲነሣ አሳስቦ ነበር። «ከአዲሱ ዓለም» የተሰኘው የራሱ ሲምፎኒም ለመጀመሪያ ጊዜ የተደመጠው በ1893 በኒውዮርክ ነው።

ሐሳቡ በተግባር ሲተረጎም የሀገረሰብ ተጫዋቹ ድርሻ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በ1937 የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው አለን ሎማክስ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ክምችት ሙዚቃ ለመቅዳት በኬንታኪ ግዛት ሲዘዋወር ዊልያም ስቴፕ የተባለ የፊድል ተጫዋች አገኘ። ስቴፕ «የቦናፓርት ማፈግፈግ» የተባለውንና በሌሎች ተጫዋቾች ዘንድ ዝግ ብሎ ይሰማ የነበረውን ዜማ እጅግ አፍጥኖ ተጫወተለት። ይህንኑ ቅጂ ሩት ክሮፎርድ ሲገር የተባለች የሙዚቃ ደራሲ በጥንቃቄ ወደ ኖታ ገለበጠችው፤ ሥራዋም በ1941 በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት አሮን ኮፕላንድ «ሮዲዮ» ለተሰኘው የባሌ ሙዚቃው «ሆዳውን» የተባለውን ክፍል ሲጽፍ የስቴፕን አጨዋወት ከእነ ልዋጩ ዋና ዜማ አደረገው።

«ሆዳውን» ከአሜሪካ ክላሲካል ሙዚቃ በስፋት ከሚደመጡት መካከል አንዱ ሊሆን በቅቷል። ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ ዝግጅት ጋር ሲጠራ የኖረው የኮፕላንድ ስም ነው። የኬንታኪው ተጫዋች ስም ከአጥኚዎች ክበብ ውጪ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቷል። አሠራሩ በጊዜው የተለመደ በመሆኑ ደራሲውን በተለየ ሁኔታ የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም የሀገረሰብ ተጫዋቹ ምንጭ፣ የሠለጠነው ሙዚቀኛ ደግሞ ደራሲ ተደርጎ ይታይ እንደነበር በግልጽ ያመለክታል። የኦኮነር ሥራ መታየት ያለበትም ከዚህ አንጻር ነው።

ልጅነትና የቶማሰን ትምህርት

ማርክ ኦኮነር በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው የሲያትል ከተማ በነሐሴ ወር 1961 ተወለደ። ያደገው ከከተማዋ በስተሰሜን በምትገኘው ማውንትሌክ ቴራስ ነው። ሙዚቃን የጀመረው በክላሲካልና በፍላሜንኮ ጊታር ሲሆን፣ በ10 ዓመቱ በዚሁ መሣሪያ ውድድር አሸንፏል። ወደ ፊድል የሳበው ግን በቴሌቪዥን ያየው ትርኢት ነበር። በጆኒ ካሽ ፕሮግራም ላይ የቀረበው የሉዊዚያናው ተጫዋች ዳግ ከርሾው አጨዋወት ልቡን ማረከው። ይሁንና መሣሪያውን በእጁ ለማስገባት ዓመታት መጠበቅ ነበረበት። ፊድል መጫወት የጀመረው በ11 ዓመቱ ነው።

ለኦኮነር ወሳኝ የሆነው አጋጣሚ በ1909 የተወለዱት የቴክሳሱ ታዋቂ ተጫዋች ቤኒ ቶማሰን በዚያው ወቅት ወደ ዋሽንግተን ግዛት መጥተው መኖር መጀመራቸው ነበር። ቶማሰን የቴክሳስን የልዋጭ ስልት ካዳበሩት ባለሙያዎች በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው። እርሳቸውም ሙያውን የወረሱት ከቤተሰባቸው ሲሆን፣ «እኩለ ሌሊት በውኃ ላይ» የሚል ትርጉም ያለው ታዋቂ ዋልትዝ የአባታቸው የሉክ ቶማሰን ድርሰት እንደሆነ ይነገራል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ያለ ኖታ ነበር። መምህሩ ይጫወታሉ፤ ልጁ አዳምጦ ይመልሳል። አዛውንቱ አንዱን ዜማ በተለያዩ ልዋጮች ስለሚያሰሙት ተማሪው የሚይዘው አንድ የተወሰነ ቅጂ ሳይሆን ልዋጭ የሚፈጠርበትን ዘዴ ሆነ። ኦኮነር ከዓመታት በኋላ ለኦርኬስትራ ሲጽፍ የተጠቀመበት ዋነኛ መሣሪያም ይኸው ዘዴ ነው።

የውድድር ዓመታት

በአሜሪካ የፊድል ሙያ ከሚለካባቸው መድረኮች አንዱ በአይዳሆ ግዛት ዊዘር በተባለች አነስተኛ ከተማ የሚካሄደው ብሔራዊ ውድድር ነው። ተወዳዳሪው አንድ ፈጣን የጭፈራ ዜማ፣ አንድ ዋልትዝና አንድ በራሱ ምርጫ የሚያቀርበው ዜማ ይጫወታል። ለሦስቱም የሚፈቀድለት ጊዜ 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ዳኞቹ ተጫዋቹን እንዳያዩ በሌላ ክፍል ሆነው በድምፅ ማጉያ ያዳምጣሉ፤ በመሆኑም ዕድሜም ሆነ ዝና ለውጤት አይረዳም።

ኦኮነር በዚህ ውድድር በታዳጊዎች ምድብ በማሸነፉ ገና በ12 ዓመቱ የመጀመሪያ አልበሙን ቀዳ። በ1975 ደግሞ በናሽቪል በተካሄደው የታላላቅ የፊድል ባለሙያዎች ውድድር በ13 ዓመቱ ጎልማሶችን በልጦ አንደኛ ወጣ። ከ1979 እስከ 1984 ባለው ጊዜ ውስጥ የዊዘርን ዋና ሻምፒዮንነት አራት ጊዜ ተቀዳጀ። በካንሳስ ግዛት ዊንፊልድ በሚካሄደው ብሔራዊ የጊታር ውድድርም በ1975 እና በ1977 ያሸነፈ ሲሆን፣ በማንዶሊን ውድድርም የበላይነቱን አሳይቷል።

የውድድሩ ዘመን እያበቃ ሲሄድ ወጣቱ ከፈረንሳዊው የጃዝ ቫዮሊን ሊቅ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር በጊታር ተጫዋችነት ተዘዋውሮ ሠራ። የዴቪድ ግሪስማን ቡድን አባል ሆነ፤ ቀጥሎም ድሬግስ ከተባለው የሮክ ቡድን ጋር ተጫወተ። ከግራፔሊ ያገኘው ትምህርት ልዩ ዋጋ ነበረው። በቅጽበት መፍጠር ከጭፈራ ሜዳ ውጪ በኮንሰርት አዳራሽም የተከበረ ጥበብ ሊሆን እንደሚችል አዛውንቱ በተግባር አሳይተውታል።

የናሽቪል ስቱዲዮዎች

ኦኮነር በ1983 የሀገሪቱ የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል ወደሆነችው ናሽቪል ተዛወረ። በዚያ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ለተለያዩ ድምፃውያን በየዕለቱ ይቀዳሉ። ሙዚቀኞቹ ለመግባባት የሚጠቀሙት በሙሉ ኖታ ሳይሆን ኮርዶችን በቁጥር በሚያመለክት አጭር አጻጻፍ በመሆኑ፣ ዜማና ማጀቢያ እዚያው የመፍጠሩ ኃላፊነት የተጫዋቹ ነው። በጆሮው ለሠለጠነው ኦኮነር ይህ የሚመች አሠራር ነበር። ከ450 በላይ በሆኑ አልበሞች ላይም ተሳትፏል።

የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርም ከ1991 እስከ 1996 ለስድስት ተከታታይ ዓመታት የዓመቱ ምርጥ ሙዚቀኛ አድርጎ መርጦታል። ከ50 በላይ የናሽቪል ሙዚቀኞችን አሳትፎ በ1991 ያወጣው አልበም የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት አስገኘለት።

ሙዚቀኛው ከስቱዲዮ ሥራ እጁን መሰብሰብ የጀመረው በዚሁ ሙያው ከፍተኛ ደረጃ በደረሰበት ወቅት ነው። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። በስቱዲዮ የተረጋገጠ ሥራና ገቢ ነበረው። በክላሲካል ሙዚቃ ዓለም ግን በኮንሰርቫቶሪ ያልሠለጠነ ደራሲ በመሆኑ ቦታውን በሥራው ብቻ ማስመስከር ይጠበቅበት ነበር።

ፊድል በኦርኬስትራ ፊት

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት በሳንታ ፌ ሲምፎኒ ጥያቄ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው «ፊድል ኮንሰርቶ» ነው። ኮንሰርቶ አንድ ብቸኛ ተጫዋች ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር እየተመላለሰ የሚያቀርበው የክላሲካል ሙዚቃ ቅርጽ ነው። ሥራው በማሪን አልሶፕ መሪነት ከኮንኮርዲያ ኦርኬስትራ ጋር ተቀድቶ በ1995 ለአድማጭ ቀርቧል።

ድርሰቱ ያስነሣው ጥያቄ ከስያሜው ይጀምራል። ደራሲው «የቫዮሊን ኮንሰርቶ» የሚለውን የተለመደ ስም ትቶ «ፊድል» የሚለውን መምረጡ መሣሪያው ከየት እንደመጣ የሚናገር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የአሠራር ነው። የፊድል ተጫዋች በየዙሩ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ብዙ አባላት ያሉት ኦርኬስትራ ግን እያንዳንዱ ድምፅ በወረቀት ላይ ካልሰፈረ አንድ ላይ መሄድ አይችልም። በመሆኑም ኦኮነር ለዓመታት በጣቱና በጆሮው ይሠራ የነበረውን ልዋጭ ለሌሎች ተጫዋቾች በሚነበብ መልኩ መጻፍ ነበረበት። ጽሑፉ ሕይወቱን እንዳያደርቀው መጠበቅም ሌላው ፈተና ነው።

በ1993 «ጀግኖች» የሚል ትርጉም ያለው አልበም ያወጣ ሲሆን፣ በዚህ ሥራ ከርሾውን፣ ግራፔሊን፣ ዣን ሉክ ፖንቲንና የክላሲካል ቫዮሊን ባለሙያውን ፒንካስ ዙከርማንን ከመሳሰሉ ሙዚቀኞች ጋር ተጫውቷል። ለብቸኛ ቫዮሊን የጻፋቸው ስድስት ካፕሪሶችም በጣሊያናዊው ኒኮሎ ፓጋኒኒ በታወቀው ቅርጽ የፊድልን የደጋን ስልት ያስገቡ ናቸው።

ሥራውን ለሰፊው የክላሲካል ሙዚቃ አድማጭ ያስተዋወቀው ከቼሎ ተጫዋቹ ዮ ዮ ማ እና ከባስ ተጫዋቹ ኤድጋር ሜየር ጋር በ1996 ያወጣው «አፓላቺያ ዋልትዝ» ነው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው የኦኮነር ድርሰት ዝግ ያለና ቀላል የሚመስል ዜማ ሲሆን፣ ዮ ዮ ማ በቼሎ ብቻ በተለያዩ መድረኮች ተጫውቶታል። ሦስቱ ሙዚቀኞች በ2000 ያወጡት «አፓላቺያን ጆርኒ» በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። በስቴፕና በኮፕላንድ ዘመን ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ሚናው ተገልብጦ ይታያል፤ እዚህ ላይ የፊድል ተጫዋቹ ደራሲ፣ በክላሲካል ሙዚቃ የሠለጠነው ባለሙያ ደግሞ ዜማውን ተቀብሎ የሚያሰማው ሆኗል።

ከዚህም በኋላ ኦኮነር ከናድያ ሳለርኖ ሶነንበርግ ጋር የተጫወተውን የሁለት ቫዮሊን ኮንሰርቶ፣ የሰውን የዕድሜ ደረጃዎች በአራቱ ወቅቶች የሚመስለውን «የአሜሪካ ወቅቶች» እና ሌሎች ኮንሰርቶዎችን ጽፏል። «አሜሪካና ሲምፎኒ» የተሰኘው ሥራው በማሪን አልሶፕ መሪነት በባልቲሞር ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተቀድቶ በ2009 ወጥቷል። ይህ ሲምፎኒ የተመሠረተው በ«አፓላቺያ ዋልትዝ» ልዋጮች ላይ ነው። በትንሽ ዜማ ላይ ትልቅ ሕንፃ ማቆም ከቶማሰን የተወረሰው ዘዴ በኦርኬስትራ ደረጃ ሲሠራበት የሚታይበት ሥራ ነው።

በ2011 ያቀረበው «ኢምፕሮቫይዝድ ኮንሰርቶ» ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ይርቃል። በዚህ ሥራ የኦርኬስትራው ክፍል በሙሉ የተጻፈ ሲሆን፣ የብቸኛው ተጫዋች ክፍል ግን በየዝግጅቱ በቅጽበት የሚፈጠር ነው። በመጀመሪያው ኮንሰርቶ ላይ የተነሣው የጽሑፍና የቃል ጥያቄ በዚህ ሥራ ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲቆሙ በማድረግ ምላሽ አግኝቷል።

ሙያውን ለተተኪ ማስተላለፍ

ኦኮነር ከ1994 ጀምሮ ለዓመታት የፊድል ማሠልጠኛ ካምፖችን ያዘጋጀ ሲሆን፣ በ2009 በስሙ የሚጠራውን የማስተማሪያ ዘዴ መጻሕፍት ማሳተም ጀምሯል። መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በአሜሪካ ዜማዎች ላይ ተመሥርተው ነው። ብሉዝ፣ ብሉግራስ፣ ራግታይም፣ መንፈሳዊ መዝሙርና የሜክሲኮ ዜማዎች በውስጣቸው ተካተዋል። ተማሪው ኖታ እያነበበ ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሱ ልዋጭ እንዲፈጥር መደረጉ ዘዴውን ከተለመዱት ይለየዋል።

ዘዴው ያለ ክርክር አልተስፋፋም። ኦኮነር በ2014 በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት የቫዮሊን ትምህርት ሥርዓት መሥራች በጃፓናዊው ሺኒቺ ሱዙኪ የትምህርት ታሪክ ላይ ያነሣው ትችት በሙዚቃ መምህራን ዘንድ ሰፊ ውዝግብ አስከትሏል። የሱዙኪ ሥርዓት ደጋፊዎች ትችቱን አልተቀበሉትም። ውዝግቡ እንዳለ ሆኖ፣ ልጆች መሣሪያ ሲማሩ በየትኛው ሀገር ዜማ መጀመር አለባቸው የሚለው ጥያቄ ግን ክብደት ያለው ነው።

ሙዚቀኛው ከጊዜ በኋላ ከቤተሰቡ አባላት ጋር ባቋቋመው ቡድን ወደ ብሉግራስ ተመልሶ በ2016 ያወጡት አልበም በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ወደ ክላሲካል ሙዚቃ የተሻገረው የፊድሉን ዓለም ትቶ እንዳልሆነ ይህ ያረጋግጣል።

ለዚህ ሌላም ማስረጃ አለ። በ1998 ያለ አጃቢ የተጫወተበትን አልበም ሲያወጣ መጠሪያ አድርጎ የመረጠው ከራሱ ድርሰቶች አንዱን ሳይሆን «እኩለ ሌሊት በውኃ ላይ» የተባለውን የሉክ ቶማሰንን ዋልትዝ ነበር። በቴክሳስ ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ የተላለፈው ዜማ በዚህ መልክ ከባለቤቱ ስም ጋር ለሦስተኛ ትውልድ ደርሷል። ኦኮነር ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ሲገባ ይዞ የገባው ዜማውን ብቻ ሳይሆን ያስተማሩትንም ሰዎች ስም ጭምር ነው።